የሚበረክት ተቀማጭ

የባንኮቻችን የሒሳብ ዓመት ሰኔ 23 ቀን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚወጡት መግለጫዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጠቅላላ ተቀማጭ ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ደረሰ፣ ከአምናው በዚህን ያህል በመቶ አደገ፣ የአስቀማጩ ቁጥር ይህን ያህል ሚሊዮን ሆነ። ባለአክሲዮኑ ደስ ይለዋል፣ ጋዜጦች ቁጥሩን በርዕስ ያወጡታል፣ ቦርዱም ለመጪው ዓመት ከዚህ ላቅ ያለ ዕቅድ ያጸድቃል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም፤ የሚመሰክረው ግን ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው። ገንዘቡ ከስንት ሰው እጅ እንደመጣ፣ በስንት ወለድ እንደተገኘ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐምሌ ሲጋመስ የት እንደሚሆን አይነግረንም። በዚህ ምዕራፍ የምከራከርለት ሐሳብ የሚነሳው ከዚህ ነው። ባንክ ተቀማጩን መለካት ያለበት በመዝጊያው ቀን ድምር ሳይሆን ገንዘቡ በሚቆይበት ጊዜና በአስቀማጮቹ ስብጥር ነው። መለኪያው እንዲህ ከተስተካከለ፣ ዛሬ ወረፋ እንደሚያበዛ ብቻ የሚቆጠረው አነስተኛ ቆጣቢ ባንኩ ሊተማመንበት የሚችል ዋና ደንበኛ ሆኖ ይገኛል።

የመዝጊያው ድምር እንዴት እንደሚሞላ በቅርንጫፍ ደረጃ እንመልከተው። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚወርደው የተቀማጭ ዕቅድ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ የሚመዘንበት ዋና ነገር ነው። ግንቦት ላይ ዕቅዱ ካልሞላ የሚቀረው መንገድ ስልክ ማንሳት ነው፤ አስመጪው፣ የሪል ስቴቱ ባለቤት፣ የትልቁ ማኅበር ሒሳብ ሹም ይደወልላቸዋል። «ለሰኔ ብቻ እኛ ጋ ያሳድሩልን» ይባላሉ። ትልቅ ገንዘብ ያለው ሰው በጊዜ ገደብ ለሚያስቀምጠው ወለዱን ተደራድሮ ነው የሚወስነው፤ አንዱ ባንክ 14 በመቶ ካለው ሌላው 15 እንደሚለው ያውቃል። የውጭ ምንዛሪ በወረፋ ይታደል በነበረባቸው ዓመታት ደግሞ አስመጪው ገንዘቡን የሚያሳርፈው ወለዱን ብሎ ሳይሆን ወረፋው ይቀርብልኛል በሚል ተስፋ ነበር። እንዲህ የመጣ ገንዘብ ምክንያቱ ሲያልቅ ይሄዳል። ከአንዱ ባንክ ወጥቶ ወደ ሌላው ስለሚገባም በአገሪቱ ቁጠባ ላይ የሚጨምረው አንዳች ነገር የለም። ባንኮቹ እርስ በርስ ተሻምተው ዋጋውን ያስወድዱታል እንጂ።

የዚህ ገንዘብ አደጋ ደግሞ ከዋጋው ይብሳል። ትልልቅ አስቀማጮች ጥቂት ናቸው፣ ይተዋወቃሉ፣ አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማሉ፣ ስለዚህም አብረው ይመጣሉ፣ አብረው ይሄዳሉ። በአሜሪካ የሲሊከን ቫሊ ባንክ አወዳደቅ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ደንበኞቹ በአብዛኛው የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ ከተቀማጩ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከመድን ጣሪያው ከ250 ሺህ ዶላር በላይ የነበረ፣ ማለትም ዋስትና ያልነበረው ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2023 በአንድ ቀን ብቻ 42 ቢሊዮን ዶላር እንዲወጣ ተጠየቀ፤ በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። ባንኩ የገዛቸው የመንግሥት ቦንዶች የወለድ ተመን ሲጨምር ዋጋቸው መውረዱ እውነት ነው። ቶሎ የገደለው ግን ገንዘቡ በጥቂት ባለሀብቶች እጅ መሆኑ ነው። የእኛ ሁኔታ ከዚያ ይለያል፤ ጠባዩ ግን ይመሳሰላል። ብሔራዊ ባንክ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ሲያበጅለት፣ ብድር ሲገደብ ባንኮች ገንዘብ ይተርፋቸዋል ብሎ የገመተ ሰው ነበር። ያም ሆኖ በቀጣዩ ዓመት አንዳንድ ባንኮች ደንበኛ የጠየቀውን ጥሬ ገንዘብ ለመክፈል ሲቸገሩ ታይቷል። ለአምስት ዓመት ያበደሩትን ገንዘብ የሰበሰቡት ለአምስት ወር ከሚያድር ተቀማጭ ስለነበር፣ የአዲስ ብድር መገደብ ብቻውን ሊያድናቸው አይችልም ነበር።

ከትንሹ ቆጣቢ ወገን ሆነን ስናየው ደግሞ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እሱስ ለምን ያስቀምጥ? ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ያደገው ጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ 10 ሺህ ብር ያስቀመጠች አንዲት ሴት በዓመቱ መጨረሻ 700 ብር ወለድ ታገኛለች፤ ከዚያ ላይ የወለድ ግብሩ 5 በመቶ፣ ማለትም 35 ብር ሲነሳ 10,665 ብር ይቀራታል። ዋጋው በ30 በመቶ ከጨመረ ግን ይህ ገንዘብ የሚገዛላት ዓምና በ8,200 ብር ገደማ ትገዛው የነበረውን ነው። ከአሥር ሺህ ብሯ 1,800 ብር የሚያህል የመግዛት አቅም ባንክ ውስጥ ተቀምጦ ጠፋ ማለት ነው። ይህን ኪሳራ አሳንሶ ማየት ነውር ነው። በዚያን ጊዜ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ ወይም ዶላር ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው አላዋቂ አልነበረም።

ብዙ የባንክ ሰዎች ከዚህ ተነስተው አንድ መደምደሚያ ላይ ይደርሳሉ። ወለዱ ከዋጋ ንረቱ በታች እስከሆነ ድረስ ትንሹ ሰው አይቆጥብም፣ ስለዚህ ትልቁን ከመሻማት ሌላ አማራጭ የለም ይላሉ። ይህ መቃወሚያ ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ዕቁብ ያፈርሰዋል። ሃያ ሰው በየሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ ብር የሚጥልበትን ዕቁብ እናስብ። ዕጣው መጀመሪያ የወጣለት ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። ሃያኛው ላይ የሚደርሰው ግን ለአሥራ ዘጠኙ ያለ አንዳች ወለድ ሲያበድር ቆይቶ ነው ሃያ ሺህ ብሩን የሚቀበለው፤ የዋጋ ንረቱም ሙሉ በሙሉ በእሱ ላይ ነው። ከባንኩ 7 በመቶ ያነሰ ነገር አገኘ። ሆኖም ዕቁቡን አይተውም፤ ሲያልቅ እንደገና ይገባበታል። በጋና ገበያዎች ደግሞ ሱሱ የሚባለው የቁጠባ ሰብሳቢ በየቀኑ እየዞረ ይቀበላል፣ በወሩ መጨረሻ የአንዱን ቀን ገንዘብ ለራሱ አስቀርቶ የቀረውን ይመልሳል። ቆጣቢዎቹ ወለድ ማግኘት ቀርቶ ለመቆጠብ ይከፍላሉ። ታዲያ ሰው ወለድ በሌለበት ቦታ ይህን ያህል የሚቆጥበው ምን ፈልጎ ነው? ዕቁብ የተወሰነ ቀን አለው። ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ያልጣለ ሰው ይጠየቃል፣ ዋሱም ይጠየቃል። መጨረሻው ደግሞ በእጅ ሊበተን የማይችል አንድ ድፍን ገንዘብ ነው፤ ልብስ ስፌት መኪና ይገዛበታል፣ የሱቅ ቀብድ ይከፈልበታል። ሰዉ የሚገዛው ሥርዓት ነው። የባንክ የቁጠባ ሒሳብ ደብተር ወይም የኤቲኤም ካርድ ከመስጠት አልፎ ከእነዚህ አንዱንም አያቀርብም።

ይህ ከልማድ የተወሰደ ግምት ብቻ አይደለም። በምዕራብ ኬንያ ቡማላ በምትባል የገበያ ከተማ ፓስካሊን ዱፓስና ጆናታን ሮቢንሰን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች ለአነስተኛ ነጋዴዎች የባንክ ሒሳብ መክፈቻውን ከፈሉላቸው። ሒሳቡ ወለድ አልነበረውም፤ ገንዘብ ሲወጣም ያስከፍል ነበር። እንደዚያም ሆኖ ዕድሉን ያገኙት የጉልት ሴቶች በንግዳቸው ላይ የሚያውሉት ገንዘብ ከ38 እስከ 56 በመቶ አደገ። በፊሊፒንስ ደግሞ አንድ የገጠር ባንክ ደንበኞቹ ራሳቸው የመረጡት ቀን ወይም ራሳቸው የወሰኑት መጠን እስኪደርስ ድረስ ገንዘቡን እንዳያወጡት የሚያስር ሒሳብ አቀረበላቸው። የወለድ ተመኑ ከተራው ሒሳብ አንዲት ነጥብ አይበልጥም ነበር። ከዓመት በኋላ ዕድሉ የቀረበላቸው ደንበኞች አማካይ ቁጠባ ካልቀረበላቸው ጋር ሲነጻጸር በ81 በመቶ ነጥብ በልጦ ተገኘ። ሰው «ከራሴ ጠብቁልኝ» የሚል አገልግሎት ሲያገኝ ይቀበላል፤ ዕቁብተኛው ይህን ሳይማር ያውቀዋል።

በአንጻሩ ማንም ሊያልፈው የማይገባ ሌላ ማስረጃ አለ። በኡጋንዳ፣ በማላዊና በቺሊ ለብዙ ቤተሰቦች ያለ ምንም ክፍያ ሒሳብ ተከፍቶ ለሁለት ዓመት ክትትል ተደረገ። በዚያ ሁሉ ጊዜ አምስት ጊዜና ከዚያ በላይ ገንዘብ ያስገቡት በኡጋንዳ 17፣ በማላዊ 10፣ በቺሊ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ውጤት የቡማላውን አይሽረውም፤ ያጠራዋል። የቡማላዋ ነጋዴ ሒሳቡ የተከፈተላት ከገበያዋ አጠገብ ነው፣ በየቀኑ ጥሬ ገንዘብ በእጇ ይገባል፣ ሸቀጥ የምትገዛበት ጊዜ ደግሞ ይመጣል። ሒሳብ መክፈት ብቻውን ቆጣቢ አያፈራም፤ የገንዘቡን መግቢያና መውጫ ተከትሎ የተሠራ አገልግሎት ነው የሚያፈራው። እኛ አገር ግን «በዘመቻ ይህን ያህል አዲስ ሒሳብ ተከፈተ» የሚለው ሪፖርት ዛሬም እንደ ስኬት ይነበባል። ከእነዚያ ሒሳቦች ስንቶቹ ውስጥ ሃምሳ ብር ብቻ ተኝቶ እንዳለ የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው።

ሾላ ገበያ ሽንኩርትና ቃሪያ የምትሸጥን እናት ውሎ ብንከተል ጉድለቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገንዘቧን የምትቆጥረው ሲመሽ፣ መደቧን ስታነሳ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቅርንጫፉ ተዘግቷል። ጠዋት ደግሞ ባንኩ ሳይከፍት እሷ ሸቀጥ ለማንሳት ወጥታለች። ቀን ላይ ጎረቤቷን መደቡን አስጠብቃ ብትሄድ የገቢ ማድረጊያ ወረቀት ይሰጣታል፤ ስም፣ የሒሳብ ቁጥር፣ ገንዘቡ በአኃዝ፣ ገንዘቡ በፊደል፣ ፊርማ። መጻፍ የማትችል ከሆነ ጥበቃውን ትለምናለች፤ ምን ያህል እንዳላት ለማያውቁት ሰው መናገር አለባት። ከፊቷ በማዳበሪያ ብር ይዞ የመጣ ሰው ገንዘቡ በማሽን እስኪቆጠር ትጠብቃለች። ይህ ሁሉ ለ300 ብር ነው። የገንዘቡ ወለድ በዓመት 21 ብር ነው፤ መንገዱና የጠፋው ሰዓት ብቻ ከዚያ በላይ ያወጣታል። ስለዚህ ገንዘቡ ቤት ያድራል፣ ቤት ያደረ ገንዘብ ደግሞ ለጎረቤት ለቅሶ፣ ለልጅ ደብተር፣ ለዘመድ ብድር ይሄዳል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ ከየቤቱ ወደ ባንክ የወጣው ገንዘብ ብዛት ብዙዎችን አስገርሟል። ባንኮች ያንን አጋጣሚ ሒሳብ ለመክፈት በደንብ ተጠቅመውበታል። ገንዘቡ እንዲቆይ የሚያደርግ ነገር ግን አብረው አላዘጋጁም ነበር።

የስልክ ገንዘብ አገልግሎት የሆነው ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይህንን ክፍተት ነው ያገኘው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ማፍራቱ የባንኮችን ያህል ቅርንጫፍ ከፍቶ አይደለም፤ ከገበያው መሐል ባለው ሱቅ፣ ሲመሽም ሲነጋም፣ ወረቀት ሳያስሞላ በመቀበሉ ነው። ለባንኮች ትኩረት የሚሻው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። በስልክ ቦርሳ ውስጥ ያለው ገንዘብ በሕጉ መሠረት በባንክ መቀመጥ አለበት። የሽንኩርት ነጋዴዋ 300 ብር በመጨረሻ ባንክ ይገባል፤ የሚገባው ግን በእሷ ስም ሳይሆን በአንድ ትልቅ ድርጅት ሒሳብ ተጠቃልሎ ነው። በሚሊዮኖች እጅ ተበታትኖ የተረጋጋ የነበረው ገንዘብ ባንኩ ዘንድ ሲደርስ የአንድ ኃይለኛ ደንበኛ ተቀማጭ ሆኗል። ባንኩ ትንሹን ሰው በቀጥታ ባለማግኘቱ መልሶ በትልቁ እጅ ይወድቃል። ከሪያድ፣ ከዱባይ፣ ከቤይሩት በየወሩ በሚላከው ገንዘብም ተመሳሳይ ዕድል ይባክናል። ባንኩ የሚፈልገው ሪያሉን ወይም ዶላሩን ነው፤ ብሩ በዚያው ቀን ለእናት ተቆጥሮ ይሰጣል፣ ነገሩ ያልቃል። ላኪዋ ግን ብዙ ጊዜ ዓላማ አላት፤ ቦታ መግዛት፣ ቤት መጨረስ፣ ስትመለስ ሱቅ መክፈት። ከምትልከው ላይ አንዱ እጅ በእሷው ትእዛዝ በስሟ እንዲቀመጥ፣ ሒሳቡንም እሷ በስልኳ እንድታየው ማድረግ የሚከብድ ቴክኖሎጂ አይደለም።

የባንክ ኃላፊዎች ዋና መከራከሪያ ወጪው ነው። መቶ ሺህ ትንንሽ ደንበኞችን ከማስተናገድ አንድ ትልቅ ደንበኛን ማስተናገድ ይቀላል ይላሉ። እናስላው። አንድ ባለሀብት 500 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ቢያስቀምጥ ባንኩ በዓመት 75 ሚሊዮን ብር ወለድ ይከፍላል። ያንኑ 500 ሚሊዮን መቶ ሺህ ሰዎች በነፍስ ወከፍ 5 ሺህ ብር እያስቀመጡ ቢያመጡትና 7 በመቶ ቢከፈላቸው ወለዱ 35 ሚሊዮን ነው። የ40 ሚሊዮን ብሩ ልዩነት ለመቶ ሺህ ሒሳብ ሲካፈል ለእያንዳንዱ በዓመት 400 ብር ይደርሰዋል። በባንኮኒና በወረቀት ለሚሰጥ አገልግሎት ይህ አይበቃ ይሆናል፤ በስልክና በወኪል ለሚሰጥ አገልግሎት ግን ብዙ ሥራ ያሠራል። ከ400ው ላይ መቶውን ለቆጣቢው በተጨማሪ ወለድ ብንመልስለት የእሱ ወለድ ወደ 9 በመቶ ይደርሳል፣ ባንኩም አሁንም ይተርፈዋል። በዚህ ስሌት ላይ አንድ ነገር መጨመር አለበት። ነገ ሊወጣ ለሚችል 500 ሚሊዮን ባንኩ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ሳያበድር ይዞ መጠበቅ ይኖርበታል፤ ከመቶ ሺህ ሰው የመጣው ግን በአንድ ጀምበር አይወጣም፣ ስለዚህ የሚበልጠውን እጅ ለረጅም ጊዜ ማበደር ይቻላል። የኬንያው ኢክዊቲ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1993 ኪሳራ ላይ ነው የተባለ የቤት መሥሪያ ብድር ድርጅት ነበር። ያደገው ሌሎች ባንኮች የናቁትን ገበሬና ጉልት ነጋዴ ተቀብሎ፣ ሰው ባለበት ሄዶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ንግድ ባንክ ሆነ፣ ዛሬ ከምሥራቅ አፍሪካ ግዙፍ ባንኮች አንዱ ነው።

ሌላው መከራከሪያ ወለዱን ያሳነሰው መንግሥት ነው የሚል ሲሆን፣ ግማሹ እውነት ነው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት ላይ 27 በመቶውን በብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲያውሉ ይገደዱ ነበር፤ ሰነዱ መጀመሪያ ይከፍል የነበረው 3 በመቶ ነው። ለአስቀማጭ 5 በመቶ እየከፈሉ በ3 በመቶ ማበደር ኪሳራ መሆኑ አያከራክርም፤ ያ ኪሳራም በቆጣቢውና በተበዳሪው ላይ ማረፉ አልቀረም። ግን ሰነዱ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል። የቁጠባ ወለዱን በተመለከተ ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የደነገገው ወለሉን ብቻ ነው፤ 7 በመቶ ከዚህ በታች አትክፈሉ የሚል እንጂ ከዚህ በላይ አትክፈሉ የሚል መመሪያ የለም። ለባለ ሚሊዮኖች ተመኑ በድርድር ሲያድግ ወለሉን ለትንሹ ቆጣቢ ጣሪያ ያደረጉት ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው። ይህ የመንግሥት ፖሊሲ አይደለም፣ የባንኮቹ ምርጫ ነው፤ ምርጫ ደግሞ ይለወጣል።

እምነትም የዚሁ አካል ነው። በደንብ ቁጥር 482/2013 የተቋቋመው የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ አንድ ባንክ ቢወድቅ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 100 ሺህ ብር ይመልሳል። ለአብዛኛው ቆጣቢ ይህ ገንዘቡን በሙሉ ይሸፍንለታል። ሆኖም በቅርንጫፍ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ የሚታየው የመኪና ዕጣ እንጂ ይህ ዋስትና አይደለም። ከወለድ ነፃ አገልግሎት ሌላው ትምህርት ነው። ወለድ በእምነቱ የተከለከለበት ሙስሊም ለዓመታት ከባንክ ርቆ ቆይቷል፤ መስኮቱ ሲከፈትለት፣ ኋላም ዘምዘምና ሂጅራ የመሳሰሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሲመጡ፣ ገንዘቡን ይዞ ገባ። እሱን ያመጣው የወለድ ጭማሪ ሊሆን አይችልም፤ ያመጣው የእሱን ሕይወት አክብሮ የተሠራ ሒሳብ ማግኘቱ ነው።

ለውጡ መጀመር ያለበት ከመለኪያው ነው። የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በሰኔ 23 ድምር መመዘኑ ቀርቶ በዓመቱ አማካይ የዕለት ተቀማጭ ይመዘን፤ ያኔ የሰኔው ስልክ ጥቅም ያጣል። ዓመታዊ ሪፖርቱ ከጠቅላላው ድምር አጠገብ ሁለት ነገር ያክል። ሃያዎቹ ትልልቅ አስቀማጮች ከጠቅላላው ምን ያህሉን እንደያዙና ከዓመት በላይ የቆየው ገንዘብ ስንት እንደሆነ ይግለጽ። በአዋጅ ቁጥር 1360/2017 በሩ ለውጭ ባንኮች ተከፍቷል፤ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት ያንኑ አስመጪና ያንኑ ትልቅ ኩባንያ ነው፣ በእነዚህ ደንበኞች ዘንድ ደግሞ የእኛ ባንኮች በዋጋ አይወዳደሯቸውም። የሾላዋን ነጋዴ ግን ከእነሱ በፊት ሊያገኛት የሚችለው ቋንቋዋንና ገበያዋን የሚያውቀው ባንክ ነው። የባንክ አክሲዮን ያላችሁ አንባቢዎች ጠቅላላ ጉባኤ ስትጠሩ ትርፉ ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጠይቁ፤ መልስ ካላገኛችሁ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይያዝላችሁ።